የጉልላቱ ቤት ቁልፍ

ይድረስ ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ፤

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የሚያስቸግርህ ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህና ልጆቹስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ያንተ ናፍቆት ብቻ ነው የሚያስቸግረን።

የመቃብሩ ግቢ እድሳት አለቀልህ። ከሼኹ መቃብር በላይ ጉልላቱ ላይ የነበረው ስንጥቅ በኖራ ተደፈነ። የመስጊዱ የእንጨት ጣሪያ ሲታጠብ ከጥላሸቱ ስር ሰማያዊ የሐረግ ሥዕል ወጣ፤ ብታየው ትደነግጣለህ። መድረሳውም ተማሪ ሞልቶት ቀኑን ሙሉ ቁርአን ሲቀራበት ይውላል። ልጅ ሳለህ «ግንበኛው ሸውራራ ነበር» እያልክ የምትስቅበት ጠማማ ግድግዳ ትዝ ይልሃል? አንዱ ጫፉ ቀጭን፣ ሌላው ጫፉ አልጋ የሚያስዘረጋ? የውጭ ፊቱ መንገዱን ተከትሎ፣ ውስጡ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ ዞሮ ስለተሠራ ነው እንዲያ የሆነው። እንግዶችን የማስጎበኘው እኔ ስለሆንኩ ይህን ስነግራቸው አፋቸውን ከፍተው ይሰሙኛል፤ እኔም ትንሽ እኮራለሁ።

ወደ ቁም ነገሬ ልግባ። አባባን ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፤ ወደ ጣሪያው የሚያወጣውን ጠባብ ደረጃ ከተዉት ሰነበቱ። የጉልላቱን ቤት በር የምከፍተውና የምዘጋው፣ ዝናብ ሲመጣ ወጥቼ አሸንዳውን የምጠርገው እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ «የጠባቂነቱ ቁልፍ የወንድ ልጅ ነው» ብለው ፊታቸውን አጥቁረውብኝ ነበር። «እንግዲያው ወንዱ እስኪመጣ ጣሪያው ያፍስስ?» አልኳቸው። ሳቁና ፈቀዱ።

ሳይፈቅዱ የቀሩት አባባ ብቻ ናቸው። ጠዋት ቁልፉን ከጉያቸው አውጥተው ይሰጡኛል፤ ማታ «የልጄ አደራ ነው» ብለው ይቀበሉኛል። ሥራዬን ንቀውት አይደለም። ለእኔ ከሰጡኝ አንተ የማትመጣ ይመስላቸዋል። አንተ ደግሞ በየደብዳቤህ «ለከርሞ እመጣለሁ» ትላቸዋለህ።

ወንድሜ፣ እንደማትመጣ እኔም አንተም እናውቃለን። ቤት ሠራህ፣ ወለድክ፣ እዚያው ሥር ሰደድክ፤ አልቀየምህም። ብቻ እውነቱን ጻፍላቸው። ያለቅሱ ይሆናል፤ ከዚያ ግን ያርፋሉ። እኔም ቁልፉን ከነምርቃቱ እቀበላለሁ።

እማዬ ጉንጭህን ትስምሃለች፤ የልጆቹን ፎቶ ላክ ብላለች። ትንሿ እህታችን ሰላም ብላሃለች፤ እልክልሻለሁ ያልካትን ጫማ አልረሳችውም። ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ልጆቹን ሳምልኝ። አባባም እጅግ አድርገው ሰላም ይሉሃል። ዓይናቸው ስለደከመ ደብዳቤህን የማነብላቸው እኔ ነኝ፤ «ለከርሞ» የምትለዋን መስመር ግን ከእንግዲህ አላነብላቸውም።

የምትወድህ እህትህ

ከመድረሳው ደጃፍ፣ ሐሙስ፣ ሻዕባን 12 ቀን