ዝም ያለውን የሚያዩት እትዬ ጥፍር

ሠፈሩም ሆስፒታሉም «እትዬ ጥፍር» የሚላቸው ታላቅ እህታችን ከግንበኛው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በ1957 ዓ.ም. ተወለዱ። የቤቱ የበኩር ልጅ ስለነበሩ ከአጥር የወደቀውንም ጉልበቱ የተላጠውንም እኛን ታናናሾቻቸውን የሚያክሙት እሳቸው ነበሩ።

በነርስነት ተመርቀው ከ1979 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞታቸው በድንገተኛ ክፍል አገለገሉ። ቅጽል ስሙን ያወጣላቸው ሥራቸው ነው። ጉዳተኛ ሲገባ አተነፋፈሱን ያያሉ፣ የደም ምቱን ይዳስሳሉ፣ ከዚያ የጣቱን ጥፍር ጫን አድርገው ይለቃሉ። የነጣው ቶሎ ካልቀላ ደም በውስጥ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላልና ሐኪም ያስጠራሉ። «ጥፍር ቀለም ሊቀቡኝ ነው እንዴ?» ብሎ የቀለደባቸው ሾፌር በዚያች ጥፍር ተርፎ ዛሬ እዚህ ቆሞ ያለቅሳል። ለአዳዲስ ነርሶች «የሚጮኸውስ ትንፋሽ አለው፤ ዝም ያለውን እዩልኝ» ይሉ ነበር። እኛንማ መቼ አስቀመጡን! ጉንፋን የያዘውን ሁሉ ጥፍሩን ይጫኑ ነበር።

በ1984 ዓ.ም. አናጢውን ባለቤታቸውን አግብተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። አማቻችን እሾህ ቢወጋቸው ሠፈር የሚቀሰቅሱ ሰው ናቸው፤ እህታችን ግን ምጥ ላይ እንኳ ድምፃቸው አልተሰማም።

ባለፈው ሐሙስ ልጃቸውን ጠይቀው ሲመለሱ ሁለቱ የተሳፈሩበት ሚኒባስ ተገለበጠ። የአማቻችን እግር ተሰብሮ ጩኸታቸው አገር አዳረሰ። እህታችን እግራቸውን በጣውላና በሻርፕ አሰሩላቸው፤ ከዚያ የተሳፋሪውን ሁሉ ጥፍር እየተጫኑ ዞሩ። የእሳቸውን የተጫነ ግን አልነበረም። ባለቤታቸው «አንቺስ?» ሲሏቸው «ደህና ነኝ፣ ትንሽ ጠማኝ» ብለው መንገድ ዳር ተቀመጡ። ውኃ ሲቀርብላቸው አልጠጡም። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው የሚችል ሰው ውኃ እንዳይሰጠው ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው። ያኔውኑ አውቀውታል ማለት ነው።

ሆስፒታል የተቀበሏቸው ራሳቸው ያስተማሯቸው ነርሶች ናቸው። ደም ተሰጣቸው፣ ሐኪሙም ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይዟቸው ሮጠ። ምን ያልተደረገ አለ! ሆድ ውስጥ የፈሰሰው ደም ግን ቀድሞ ነበር። እኛ ኮሪደር ላይ ተደርድረን በር ከማየት በቀር አንዳች አልፈየድንም። በዚያው ዕለት ማምሻውን አረፉ።

ለስንብት ስንገባ አማቻችን በጋሪ ወንበር ተገፍተው መጡ። የሚስታቸውን እጅ ይዘው ጥፍራቸውን ጫን አድርገው ለቀቁና ጠበቁ። አልቀላም። ደግመው ተጫኑ።

እህታችን ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና እኛን ታናናሾቻቸውን ትተው ሄደዋል። ያ ሠፈር ቀስቃሽ አማቻችን ከዚያ ሰዓት ወዲህ ድምፃቸው አልተሰማም። በቃልሽ መሠረት ዝም ያሉትን እያየንልሽ ነው፣ እታለም፤ ምን እንደምናደርግላቸው ግን አላስተማርሽንም። ሲዳስሱ የኖሩ እጆችሽን ፈጣሪ በምሕረቱ ይዳስሳቸው፤ ነፍስሽንም በዕረፍት ያኑርልን።