በአባቴ ላይ የቆመው ንግግር

ፓሪስ፣ ማክሰኞ

ውድ ኦዲል፣

መንገድ ላይ ብቻዬን እየሳቅኩ ነው የምጽፍልሽ! ዛሬ አዲሱን ዲግሪዬን ይዤ ሟቹ ዶክተር ቫልሞሬ ወዳቋቋሙት ትምህርት ቤት ለመግባት ተፈተንኩ፤ ያው ግማሹ አገር ጠቢብ፣ ግማሹ አጭበርባሪ የሚላቸው፣ ሰውን በማናገር የሚያክሙ የነፍስ ሐኪም። ፈታኟ፣ ተማሪያቸው የነበሩት ማዳም ሊኞን፣ "ለምን መጣሽ?" አሉኝ። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝና "አባቴ ዝምተኛ ስለሆነ…" ብዬ ገና ስጀምር "በቃ፣ እዚህ ላይ እናቁም" ብለው በሩን ከፈቱልኝ። እኛ አገር ብሬስት ቢሆን ሰው ሳይጨርስ በር መክፈት ጠብ ያስነሳል!

እንባዬ መጣ። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ሁለት የዶክተሩ የድሮ ታካሚዎች፣ አንድ ሽማግሌና አንዲት ሴትዮ፣ ተቀምጠዋል።

"እኔንም ገንዘቤን ተቀብሎ፣ ሳልጨርስ እንዲሁ ነበር የሚያባርረኝ፣ ያ ሌባ ዶክተር!" አሉ ሽማግሌው።

"ሌባ ከሆነ ዛሬም እዚህ ምን ትሠራለህ፣ አንተ ነዝናዛ?" ብለው ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞሩ። "አይዞሽ የኔ ልጅ። እዚህ ቤት ዝም ብለው የሚያስለፈልፉት ፍሬ የሌለውን ነው። ቁም ነገር ላይ ስትደርሺ ያቆሙሻል።"

እውነትም ማዳም ሊኞን አንገታቸውን ብቅ አድርገው "ሰኞ አባትሽ ላይ ካቆምሽበት እንቀጥላለን" አሉኝ። ተቀበሉኝ፣ ኦዲል!

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ። አባቴም ጋ ሂጂና ንገሪልኝ፤ ዝም ካለሽ ዝምታውን በወሬ አትሙዪው፣ ትንሽ ጠብቂው።

ያንቺዋ ማኤል