ከመስቀያው ያልወረደው ኮት

ማክሰኞ ጠዋት፣ ወሩ በገባ በሃያ አንደኛው ቀን

ለእልኸኛዋ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም አሮጌው ካውያም እንደምታውቂያቸው ናቸው፤ ሲፈልጉ ይሠራሉ፣ ሳይፈልጉ እንቢ ይላሉ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ገና ቁጭ ከማለቴ እግሬ አላርፍ ይለኝና ተነስቼ የተሰቀሉትን ልብሶች ማስተካከል እጀምራለሁ፤ የተስተካከሉትን ማለቴ ነው። ጸጥታ ደግሞ "ኧረ ጋሼ አንድ ቦታ ቁጭ ይበሉ፣ ወለሉን ጨረሱት!" ትለኛለች። ልብስ ተኳሿን አልረሳሻትም መቼም፤ ለአፍታ ዝም ስለማትል እኮ ነው አንቺ ጸጥታ ያልሻት።

መጀመሪያ ስለ መልእክቱ ላስረዳሽ። በዚህ ወር ሦስት ጊዜ "ልብስዎ ዝግጁ ነው፤ መጥተው ይረከቡ" የሚል ስልክሽ ላይ ገብቷል። እንዳትቀየሚኝ፣ ኮምፒውተሩ ነው የላከው። አዎ፣ እጥበት ቤታችን ኮምፒውተር አስገብቷል። ሳቂ፣ ፈቅጄልሻለሁ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ያስገደደን ሆቴሉ ነው። የግዢ ኃላፊዋ መጥታ "አንሶላዎቻችን የት እንደደረሱ ቢሯችን ሆነን ማየት ካልቻልን ሌላ እጥበት ቤት እንፈልጋለን" አለችኝ። እኔም የልብስ መለያ ክሬን አሳየኋት፤ ከኮሌታ ሥር የምሰፋውን፣ ለየደንበኛው የራሱ ቀለም፣ የራሱ ቋጠሮ። "መዝገቡስ?" አለች። ግንባሬን አሳየኋት። ብትስቅብኝ ይሻል ነበር፤ በትህትና አንገቷን ነቀነቀች።

አሁን እያንዳንዱ ልብስ ስቲከር አለው። ሲገባ ጢጥ፣ ሲታጠብ ጢጥ፣ ሲተኮስ ጢጥ። ጸጥታ ከኮምፒውተሩ ጋር ማውራት ጀምራለች፤ ንግግሯን የማያቋርጥ ሰሚ አገኘች። ዓርብ ዓርብ የጠፋ ሸሚዝ ፍለጋ ስንተራመስ የነበረው ቀርቷል። በዚህ ወር አንድም ልብስ አልጠፋም፣ አንድም ደንበኛ አልጮኸብንም። ይህችን ጥርሴን ነክሼ ነው የጻፍኩልሽ።

የገጠመልን ባለሙያ "ለመለማመጃ አንድ ልብስ መዝግቡ" ሲለን እጄ የገባው ያንቺ የዝናብ ኮት ነበር። ቅርብ ስለነበረ ነው። ከኋላ ክፍል፣ ከላይኛው ዘንግ ላይ፣ ላስቲክ ለብሶ ተሰቅሎ ነበር፤ መሰላል ይዤ ወጥቼ አወረድኩት።

ኮቱን ሳወርድ ያ ቀን መጣብኝ። የጠበቃውን ሱፍ ለመምህሩ፣ የመምህሩን ለጠበቃው የሰጠሁበት ቀን። የአንዱ ክር አረንጓዴ፣ የሌላው ሰማያዊ ነበር። አንቺም ሁለቱ በቆሙበት "አባዬ፣ ቀለም እኮ አልለይ እያለህ ነው፤ ኮምፒውተር እናስገባ" አልሽ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ "ክሩን ያቀያየርሽው አንቺ ነሽ" አልኩሽ፣ ሰው ፊት። ከዚህ በር ሁለተኛ እንዳላይሽም አልኩ። ኮትሽን ሳታነሺ ዝናቡ ውስጥ ገባሽ። ያስቆጣሽኝ አንቺ አይደለሽም ልጄ፤ ፈርቼ ነበር። እናትሽ ብትኖር በማግስቱ ጎትታ ታስታርቀን ነበር። እኔ ብቻዬን ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

ትናንት ከሰዓት ኮምፒውተሩ ሰምቼው የማላውቀውን ድምፅ አሰማ። ጸጥታ ሮጣ አነበበችልኝ፤ "ኮቴ አሁንም አለ?" ይላል። ካንቺ ነው። ካነበበች በኋላ እሷም ዝም አለች፣ ታምኛለሽ? መልስ ልሰጥ ስል የተዘጋጁ መልሶች ዘረዘረልኝ፤ "አለ"፣ "የለም"፣ "በመታጠብ ላይ"። የኔ መልስ እዚያ ውስጥ የለም። ስልክ እንዳልደውል ደግሞ ድምፅሽን ስሰማ የምለው ይጠፋብኛል። ከትናንት ወዲህ በሩ በተንቋቋ ቁጥር ቀና እላለሁ፤ የሚገባው ሁሉ የሸሚዝ ባለቤት ነው።

አንድ ያስጨነቀኝን ልንገርሽ። ይህ ኮምፒውተር የመረከቢያ ቀን ካልሞሉለት አልሄድም ይላል። ለኮትሽ ቅዳሜ ብዬ ሞላሁ። ቅዳሜው አለፈ፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ አዛወርኩት። እንዲህ እያልኩ ሦስት ቅዳሜ አለፈ። የፊታችን አራተኛው ነው፤ ከዚያ በኋላ ማዛወር አይቻልም፣ "ባለቤት ያልፈለገው" ብሎ ከዝርዝሩ ያወጣዋል። ኮቱ የትም እንደማይሄድ አውቃለሁ። ግን ያንን ቃል ከስምሽ አጠገብ ማየት አልችልም።

ቆይ፣ የሆቴሉ መኪና መጣ።

ተመለስኩ። ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ባለሙያው ሲገጥም የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዚህ ቤት እኔ ሳላውቅ አንዲት ቃል እንዳትወጣ። ስለዚህ ለመልእክት መላኪያ ለብቻው ቁልፍ አበጀልኝ። የኔ ጣት ካልነካው አይልክም፤ ጸጥታ ስንቴ ሞክራ እንቢ ብሏታል። ቁልፉ አረንጓዴ ነው ይሉኛል። ለኔ ሰማያዊ ነው።

በይ እንግዲህ፣ የጀመርሽው ይቅናልሽ፤ ክፉ ሰው አይግጠምሽ፤ ዝናብም ሲመጣ ከደጅ አያግኝሽ።

አባትሽ

ይህን ረስቼ፦ ስቲከሩን የለጠፍኩት መስቀያው ላይ እንጂ ኮቱ ላይ አይደለም። ከኮሌታው ሥር ትንሽ ልጅ ሳለሽ ጀምሮ በልብስሽ ሁሉ የምሰፋልሽ ነጭ ክር እንዳለ ነው፤ ነጭ ለደንበኛ ሰጥቼ አላውቅም። እሱን እስካሁን እለየዋለሁ። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነን።