ፊያቷን ዝቅ ለማድረግ

ዕዝራ በአብዮቱ ዘመን ለአስተማሪነት ወደ አሰላ ተመድቦ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ከጓደኛው ከክፍሌ ጋር የሚኖርባትን ክፍል ሊለቅ ነው። ክፍሌ አልነበረም። አይናዲስን በአሮጌ ፊያቱ ሊያንሸራሽር ወጥቷል። አስቀድሞ የወደዳት ዕዝራ ነበር፤ እሱ አፉን እስኪፈታ ግን ክፍሌ ቀደመው። ይባስ ብሎ ጠዋት፣ «አይናዲስ ዝቅ ያለች መኪና ነው የምትወደው። አንተ ታውቅበታለህ፤ አሠራሩን ጽፈህልኝ ሂድ» አለው።

ዕዝራ ሻንጣውን አስሮ፣ ቆሞ ጻፈ።

«ጓድ ክፍሌ፣
ሞላውን በሰጌቶ መጋዝ ቁረጠው። በእሳት ከሆነ ጉልበቱ ይሞታል።
ግራና ቀኙ እኩል ይሁን። ከአንድ ዙር በላይ አትቁረጥ፤ የሰፈራችን ድንጋይ ሆዷን ይፍቀዋል።
ለነገሩ አንተ ምን ቸገረህ፣ ሁሉ ነገር ይሳካልሃል።»

የመጨረሻውን መስመር ሰረዘው። ጥግ የተቀመጠው የመኪና ማንሻ ክሪክ ሸክም ላይ ሳለ ድንገት እንደሚከዳ ግን አልጻፈም። ያንን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ክፍሌ መኪናዋ ሥር ተጋድሞ ታየው። ቀጥሎ አይናዲስ ጥቁር ለብሳ፣ እሱም አጠገቧ ተቀምጦ ሲያጽናናት ታየው። ደስ አለው። ደስ መሰኘቱ ግን ራሱን አስደነገጠው።

ወረቀቱን መልሶ ስቦ ጨመረበት፦

«ግንድ ሳታስደግፍ ከሥሯ እንዳትገባ። አደራ!
ክሪኩን ወስጄዋለሁ፤ ደህናውን ከጋራዥ ተዋስ። ለምን ወሰድከው ብለህ አትጻፍልኝ።»

ያንን ከባድ ብረት ከሸሚዞቹ መሃል ሸጉጦ ወደ አውቶቡሱ ወረደ። ለአይናዲስ ሰላምታ አልተወላትም።