የመለስኩት ተራ

ኅዳር 2

ጎመን ስናርም ዋልን። ጉልበቴ... ሁለት ጊዜ ተቀምጬ ተነሳሁ። የሚሲዮኑ እርሻ ኃላፊ ጋሽ ገብረሚካኤል አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ጨዋ ሰው ናቸው። ዕድሜዋን ሙሉ መዝገብ ቤት ፋይል ስታወጣና ስታስገባ የኖረች ሴትዮ በስልሳ አንድ ዓመቷ ዶማ ልማር ብትል ምን ይበሏት?

ምሳ ሰዓት የእርሻው ሠራተኞች ሁሉ ዛፉ ሥር ተሰብስበው ተቀመጡ። እኔ ብቻዬን ቧንቧው አጠገብ። በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ ያወራሉ፣ ይስቃሉ። በኔ የሚስቁ ይመስለኛል። ቢስቁስ? የኔን አስተራረም አይቶ የሳቀ አይፈረድበትም።

ሦስተኛ ሳምንቴ። ሚሲዮኑ አንዲት ክፍልና ከጓሮዋ ቁራጭ መሬት ሰጥቶኛል። መሬቷን ሰርዶ ውጧታል። ለስድስት ወር በበጎ ፈቃድ ልሠራ ነው የተስማማሁት፤ ሚያዝያ ላይ ያበቃል። ትሕትና ልትሸኘኝ መጥታ አውቶቡሱ በር ላይ፣ "እማዬ፣ እዚያ ማን አለሽ?" አለችኝ። ሻንጣዬን ይዤ ገባሁ። አባቷ ከሞተ ወዲህ አዲስ አበባስ ማን ነበረኝ?

ኅዳር 7

ዝናብ። ቀኑን ሙሉ ያናገርኩት የሚሲዮኑን ላም ብቻ ነው።

ኅዳር 10

ከአጥሩ ማዶ ያለችው ጎረቤት፣ ተሾመች የምትባለው፣ መጣች። በዕድሜ እኩያዬ ትሆናለች። በሩ ላይ ቆማ፣ ነገ ቡናዋ እንደሚለቀም፣ ሴቶች እንደሚመጡ፣ እኔም እንድመጣ ነገረችኝ። ሐሙስ የዕረፍት ቀኔ እንደሆነ ከማን ሰማች?

አንቺ ነው የምትለኝ። እዚህ ሁሉም ሰው እርስዎ፣ እርስዎ ሲለኝ ከርሞ... ደስ አለኝ። እንደ ሞኝ ደስ አለኝ።

ኅዳር 11

ዘጠኝ ሴቶች ነበሩ። ዳዶ ይሉታል። ደቦ መሆኑ ነው፣ ብዬ ገባሁ። ከሁሉም ታናሿ ሚስጥር የምትባለው ናት፤ ልጇን አዝላ ነው የምትለቅመው። እኔ አረንጓዴውን ከቀዩ ቀላቅዬ ቅርጫት ውስጥ ስጨምር አየችና እጄን ይዛ አሳየችኝ፤ ቀዩን ብቻ፣ ጠምዘዝ አድርጎ። ቆጮ በጎመን በላን። አንዷ ስትዘፍን ሌሎቹ ተቀበሉ። አንድም ቃል አልገባኝም። ግድ አልሰጠኝም።

ጣቶቼ ጠቁረዋል። ታጥቤም አልለቀቀ። አይልቀቅ።

ታኅሣሥ 2

አራተኛው ሐሙስ። እስካሁን አራት ቤት ሄድኩ፤ የሁሉንም ስም አውቃለሁ። ዛሬ ጋሽ ገብረሚካኤል ወገቤን ይዤ ስገባ አይተው፣ "እትዬ በዛወርቅ፣ የኛን ጎመን ትተው የሰው ቡና ያዙ?" ብለው ቀለዱብኝ። ሲቀልዱ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው።

ታኅሣሥ 9

ጠዋት ልብስ ሳጥብ ዘጠኙም ዶማ ይዘው ከች አሉ። ምነው ብል፣ ተራሽ ነው አለች ተሾመች። ጓሮዬን ሊቆፍሩልኝ።

ልቤ ተነካ። ግን እንዴት ይሆናል? የየራሳቸው ስንት ሥራ እያለ! እኔ በጎ ፈቃደኛ ነኝ፣ ላግዝ እንጂ ልታገዝ አልመጣሁም፣ ምንም አያስፈልገኝም አልኳቸው። ሁሉንም ሳምኩ። ሻይ በዳቦ አቀረብኩ። ተሾመች ሰርዶውን እያየች፣ "መሬቱስ?" አለች። ተዪው፣ ለኔ ምን ያደርግልኛል አልኳት። ሻያቸውን ጠጥተው፣ ዶማቸውን ይዘው ሄዱ።

ለትሕትና በቴሌግራም ጻፍኩላት። ኮራሁብሽ አለችኝ። እኔም ኮራሁ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ታኅሣሥ 16

ሐሙስ። የጠራኝ የለም። ቡናው አልቆ ይሆናል።

ታኅሣሥ 23

አላለቀም። በአጥሩ ቀዳዳ አየኋቸው፤ ሚስጥር ጓሮ ሁሉም አሉ። ዘፈኑም ይሰማል። ምን አደረግኩ? ሻዩ ቀጠነ? ዳቦው አነሰ? ወይስ መጀመሪያውንም ለይሉኝታ ነበር የጠሩኝ? ሳላስበው ልብስ ቀይሬ ተዘጋጅቼ ነበር እኮ። መልሼ አወለቅኩት።

ታኅሣሥ 29

ገና። የሚሲዮኑ ኃላፊ ሲስተር ሰሎሜ ዶሮ ላከችልኝ። ብቻዬን ዶሮ... ሁለት ጉርሻ በልቼ ከደንኩት።

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ተሾመችን መንገድ ላይ አገኘኋት። "እንኳን አደረሰዎት" አለችኝ፣ ጎንበስ ብላ። እርስዎ ሆንኩ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ባሌ ሲሞት እንኳን እንዲህ አላለቀስኩም።

ጥር 6

ሲስተር ሰሎሜ ቢሮዋ ጠራችኝ። ሚያዝያ ላይ እሄዳለሁ ወይስ አንድ ዓመት ልጨምር? በየካቲት መጀመሪያ መልስ ትፈልጋለች፤ ካልቆየሁ ክፍሉን ለሌላ ሰው መስጠት አለባት። ትሕትናም የኋላውን ክፍል ቀለም አስቀብታ ፎቶ ልካለች። ቢጫ። ቢጫ እንደማልወድ ረስታዋለች።

እሄዳለሁ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ለምን እንደዋጥኩት አላውቅም።

ጥር 16

ሳሙና ልገዛ ዋጫ ከተማ ወረድኩ። የመሪማ ሱቅ ሰው አልነበረም። መሪማ የስልጤ ልጅ ናት፤ እዚህ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ካፊኖኖውን እንደ ውኃ ትጠጣዋለች። በርጩማ ሰጠችኝ። ምን እንደነካኝ... ሁሉንም ዘረገፍኩላት።

መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ሳቋን ተወች።

"እትዬ፣ መለሷቸው እኮ" አለችኝ።

"ላለማስቸገር ብዬ ነዋ።"

"የእርስዎን ጉልበት አበሏቸው፣ የነሱን አልበላም አሉ። ከዚያ ወዲያ በምን ፊታቸው ይጥሩዎት?"

እንደ ደቦ አይደለም አለችኝ። አንድ ቀን የሠሩለት ሰው አንድ ቀን ይሠራልዎታል። አትምጡብኝ ያለ ከዙሩ ወጣ ማለት ነው። ማንም አላስወጣኝም ለካ። ራሴ ነኝ፣ ያውም ሻይ አፍልቼ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ብላ ሳሙናዬን ጠቀለለችልኝ።

ወንፈል ነው እንግዲህ። እናቴ የቡልጋ ልጅ ነበረች፤ ስለ ወንፈል ስታወራ እኔ ከተሜዋ ጆሮም አልሰጣት።

ጥር 17

ሲከነክነኝ ዋለ። ባሌ ሲሞት የጎረቤት ሴቶች ሽሮ ይዘው ሲመጡ፣ "አለኝ" ያልኩ እኔ ነኝ። አብረን እንደር ሲሉኝ፣ "እችላለሁ።" ትሕትና ስትወልድ አርስሻለሁ ብዬ ሄድኩ፤ አሞኝ ስተኛ ግን አትምጪ አልኳት። ሰው ራቀኝ እያልኩ ስንት ዓመት አማረርኩ! ደግነት ይመስለኝ ነበር። ኩራት ነው። የለየለት ኩራት።

ጥር 24

ሳምንት ሙሉ ስፈራ ቆይቼ ዛሬ አጥሩን ዞሬ ሄድኩ። ተሾመች እንሰት እየፋቀች ነበር። ቀና ብላ አይታኝ ሥራዋን ቀጠለች። ቆሜ ተናገርኩ። ያን ቀን አጠፋሁ አልኳት። ሥርዓቱን አላውቅም ነበር። ጓሮዬን ለብቻዬ አልችለውም፤ እንሰት መትከል እፈልጋለሁ፤ ሐሙስ ኑልኝ።

መፋቂያዋን አስቀመጠች።

"እንሰት ስንት ዓመት ይፈልጋል፣ ታውቂያለሽ?"

"አምስት ስድስት ይላሉ።"

"አንቺ ስድስት ወር። ማን ይበላዋል?"

ምን ልበላት? እቆያለሁ ልላት አልደፈርኩም፤ ለሲስተር ያላልኩትን። እኔ እንጃ አልኳት። ብቻዬን ግን አልችልም። ይህን ስል አፈርኩ።

መፋቅ ጀመረች። "ለሴቶቹ እነግራለሁ" አለች፣ ፊቷን ሳታዞር። እመጣለሁ ግን አላለችም።

ጥር 27

ሽሮ አዘጋጀሁ። አሥር ሰው የሚያበላ ድስት ከሚሲዮኑ ወጥ ቤት ተዋስኩ። ካልመጡ ይህን ሁሉ ሽሮ ምን አደርገዋለሁ? ጋሽ ገብረሚካኤል ድስቱን ተሸክሜ አዩኝ። አንድ ዶማ ስለው በሩ ላይ አስደግፈውልኝ ሄዱ።

ጥር 28

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነስቼ ጠበቅኩ። አንድ ሰዓት። ሁለት ሰዓት። ያን ጊዜ የመጡት በአንድ ሰዓት ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር ጎትቼ አወጣሁ... ከፍቼ አየሁትና ተውኩት። ዶማውን ይዤ ወጣሁ። ብቻዬን ጀመርኩ። ሰርዶ ሥሩ መከራ ነው፤ ይጎትቱታል፣ ይበጠሳል፣ ከሥር ይቀራል። ክንድ የማትሞላ መሬት ቆፍሬ ትንፋሼ ተቆረጠ።

ከኋላዬ ሌላ ዶማ ሰማሁ። ሚስጥር። ልጇን እንዳዘለች፣ ሰላምታም ሳትሰጠኝ መቆፈር ጀምራለች። ከዚያ ሁለት መጡ። ከዚያ አራት። ጠዋት ገበያ ነበሩ ለካ! እኔ ሞኝ ከፀሐይ ጋር ቀጠሮ ይዤ።

ተሾመች በመጨረሻ መጣች። አንድ እስር የእንሰት ችግኝ በትከሻዋ ተሸክማለች፤ የእናቷ ዘር ነው አሉኝ። የት ይተከል ብላ ጠየቀችኝ። እኔን! አሳየኋት። አይሆንም፣ ውኃ ይተኛበታል ብላ ሌላ ቦታ ተከለችው።

አሥራ ሁለት እንሰት ተተከለ። ሽሮው ጨው በዝቶበት ነበር። ሚስጥር ቀምሳ ፊቷን ስታኮማትር ሁሉም ሳቁ። በኔ ነው የሳቁት፣ እርግጠኛ ነኝ። እኔም ሳቅኩ። ሲሄዱ ተሾመች፣ "ውኃ አታብዢበት፣ አንቺ" አለችኝ።

ስምንት ናቸው የመጡት። ዘጠነኛዋ፣ በእምነት የምትባለው፣ ቀርታለች። እኔ ከተራዋ አልቀርም።

የካቲት 4

ጠዋት ለሲስተር ሰሎሜ አንድ ዓመት እንደምጨምር ነገርኳት። ለትሕትና ስነግራት አለቀሰች። ቢጫውን ክፍል ለልጆቹ ስጪያቸው አልኳት። በፋሲካ ደግሞ እመጣለሁ አልኳት፤ እንዳታበስይ፣ ምንም አታስቢ ልላት ብዬ አፌን ያዝኩ። ሄጄ ታብላኝ። አንሶላም ታንጥፍልኝ።

"እማዬ፣ እዚያ ግን ማን አለሽ?" አለች እንደገና።

ነገ ሐሙስ ነው አልኳት። የሚስጥር ጓሮ ይቆፈራል። ከቀረሁ ተሾመች በሬን ታንኳኳለች።