የኬኩ ጀርባ፦ የእትዬ ኬክ የሕይወት ታሪክ

«አልለቅም አልኩ፣ አልለቅም!» ይሉ ነበር አባታቸው፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጠው። «ሚስትህ ምጥ ላይ ናት እኮ፣ አንተ ሰውዬ! ይህን ሙቅ ውሃ የት ላስቀምጠው? አናትህ ላይ?» ይሉ ነበር አክስታቸው፣ ድስቱን በሁለት እጃቸው እንደያዙ። አባታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። በቤቱ ውስጥ አንድ ትልቅ ጠረጴዛ ብቻ ነበር፤ እሱም ላይ ለማግስቱ የሚደርስ የሙሽራ ሱፍ በጠመኔ ምልክት ተደርጎበት ተዘርግቷል። ጨርቁ ከተነሣ ምልክቱ ይጠፋል። አክስት ድስቱን መሬት አስቀምጠው ጨርቁን ከአንድ ጫፍ ሲስቡ፣ አባት ከሌላው ጫፍ ሲይዙ፣ የቀሩት ዘመዶችም ገሚሱ ለአንዱ ገሚሱ ለሌላው ሲፈርድ፣ ከመጋረጃው ወዲያ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። ዛሬ የምንሸኛቸው እናታችን፣ ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ኬክ» እያለ የሚጠራቸው፣ ኅዳር 1945 ዓ.ም. የተወለዱት እንዲህ ነው፤ ሁሉም ፊቱን ወደ ጠረጴዛው አዙሮ ሳለ።

ስድስት ዓመት ቆይቶ ታናሽ እህታቸው ተወለዱ። እናታቸው ጤና አልነበራቸውምና ሕፃኗን አዝለው ያሳደጉት እትዬ ኬክ ነበሩ። «ሚጡ» የሚለውን የቁልምጫ ስም ያወጡትም እሳቸው ናቸው፤ ስሙ እስከ ዛሬ አልለቀቃቸውም፣ እዚህም በዚሁ ይጠራሉ። ሚጡም በበኩላቸው እህታቸውን ከ«እታለም» ሌላ ጠርተው አያውቁም።

እትዬ ኬክ ትምህርታቸውን እስከ አሥረኛ ክፍል ተከታትለው፣ ከዚያ በኋላ ከአባታቸው ጎን ተቀምጠው የአንገትና የእጅጌ ጥልፍ ይሠሩ ጀመር። እጃቸው ቀጥ ያለ ነበር። አባታቸው ለደንበኛ «ይህን መስመር በማስመሪያ ያሰመርነው እንዳይመስላችሁ» ብለው ይኩራሩባቸው ነበር። በ1966 ዓ.ም. የአውቶቡስ መካኒክ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። አባታቸው ዓይናቸው ደክሞ መስፋት ሲያቆሙ፣ ያንን የመቀስ ጭረት የሞላበት ጠረጴዛ ለእሳቸው ሰጧቸው። ወጥ ቤት ገባና ከግማሽ በላይ ቦታውን ያዘ።

የኬኩ ሥራ የተጀመረው በ1970 ዓ.ም. በበኩር ልጃቸው የልደት ቀን ነው። ሚጡ በዚያን ጊዜ በአንድ ዳቦ ቤት ምድጃ ላይ ይሠሩ ነበርና ኬኩን የጋገሩት እሳቸው ናቸው፤ በሩ አልዘጋ ብሎ በወንበር ተደግፎ በሚጋገርበት አሮጌ ኦቨን። እትዬ ኬክ ደግሞ ከአባታቸው የልብስ ንድፍ ወረቀት ቀደው እንደ ቀንድ ጠቀለሉት፣ ጫፉን የቁልፍ ቀዳዳ በሚቀደድበት ትንሽ መቀስ ቆረጡት፣ ክሬሙን ሞሉና ኬኩን ልክ እንደ ቀሚስ አንገት ጠለፉት። ከእንግዶቹ አንዲት ጎረቤት ቁራሻቸውን ይዘው፣ ሳይቀምሱ፣ ዙሪያውን እያዩ ቆሙ። «የት ነው ያስጠለፋችሁት?» አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ለልጃቸው ምርቃት አዘዙ። እኒያ ጎረቤት ለሌላ ነገሩ፣ ሌላዋም ለሌላ።

እህትማማቾቹ ሥራውን ተከፋፈሉት። ሚጡ ይጋግራሉ፣ እትዬ ኬክ ያስጌጣሉ። ኬክ ከኦቨን ሲወጣ መሐሉ ያብጣል፤ ክሬም እንዲቀመጥበት ያበጠው ተቆርጦ ይደለደላል። እነሱ ይህን ቁራጭ «ኮፍያ» ይሉት ነበር። ኮፍያው ለሁለት ተከፍሎ፣ ምድጃው አጠገብ ቆመው፣ ገና እንደሞቀ ካልተበላ ክሬም አይነካም፤ ሕጋቸው ይህ ነበር። ሚጡ አንድ ጊዜ ብቻ የወረቀቱን ቀንድ ተቀብለው አበባ ሊሠሩ ሞክረዋል።

«ይሄ ጽጌረዳ ነው ወይስ ጎመን?» አሉ እትዬ ኬክ።

«ጽጌረዳ ነው። የጠገበ ጽጌረዳ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ቀንዱን አልነኩትም፤ ወጥ ቤቱ ግን ጎመኑን ሳያነሣ የዋለበት ቀን አልነበረም። ኦቨኑ ሲሠራ ለልጆች መሮጥ የተከለከለ ነበር፣ ኬኩ ደንግጦ ይወርዳል ተብሎ። ጠረጴዛው በኬክ ስለሚያዝ ቤተ ሰቡ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይበላ ነበር። ባለቤታቸው ከሥራ ሲመለሱ በሩ ላይ ቆመው፣ «ዛሬስ ለሰውም መቀመጫ ተረፈ?» ይሉ ነበር።

በ1981 ዓ.ም. ሚጡ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ በሚገኝ ከተማ የሚሠራ የመሬት ቀያሽ ሊያገቡ ሆነ። ወሬውን የነገሩት ሊጥ እየመቱ ነው።

«እዚያ ሄደሽ ለማን ልትጋግሪ ነው?» አሉ እትዬ ኬክ።

«ለባሌ ነዋ።»

«ጣፋጭ አይወድም ብለሽኝ አልነበር?»

«እሱ አይወድም። እኔ እወዳለሁ።»

ሁለቱም ሳቁ። ስለ መሄዱ ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩም። እትዬ ኬክ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮፍያቸውን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ይበሉ ነበር።

የሠርጉን ባለ ሦስት ፎቅ ኬክ ሚጡ ራሳቸው ጋገሩት። የማስጌጡ ተራ የታላቅ እህት ነበር። አዳራሹን ያሰናዱት ሰዎች የኬኩ ጠረጴዛ ግድግዳ ተጠግቶ እንደሚቆም ተናግረው ነበር፤ ግድግዳ ለሚጠጋ ኬክ ደግሞ ሙያው የሚፈቅደው ነገር አለ፤ ጀርባው በክሬም ይለሰናል እንጂ አይጌጥም። ሰሞኑንም የገበታ ቅቤ ከየሱቁ ጠፍቶ ነበር። እትዬ ኬክ ያላቸውን ሁሉ ፊቱ ላይ አዋሉት፤ የሚጡን የሙሽራ ቀሚስ አንገት ጥልፍ፣ አበባ በአበባ፣ ቅጠል በቅጠል። ሲጨርሱ በወረቀቱ ቀንድ ጫፍ ላይ ጥቂት ክሬም ቀርቶ ነበር። ትንሽ አዩትና አስቀመጡት።

በሠርጉ ቀን የሙሽራው አክስት አዳራሹ መሐል ቆመው፣ «ኬኩ ለሁሉም ይታይ እንጂ!» አሉ፤ ጠረጴዛውም ተነሥቶ መሐል ገባ። ከኋላ የተቀመጡት የሙሽራው ዘመዶች ነበሩ። አንዱ ቀልደኛ፣ «በእኛ በኩል ያለው ገና አልደረሰም መሰለኝ» አለ። ያ ወገን በሳቅ ፈረሰ። ሙሽራዋ ሰሙ።

ከአዳራሹ ወጥ ቤት በር ላይ ተገናኙ።

«እታለም፣ ለእኔ ሲሆን ክሬሙ አለቀ?»

«ግድግዳ ይጠጋል አሉኝ እኮ፣ ሚጡዬ።»

«ለሌላ ሰው ቢሆን ‹ማን ያውቃል› ብለሽ ዙሪያውን ትጠልፊው ነበር።»

እትዬ ኬክ ቀንዱን ያስቀመጡት ቅቤው ስላነሰ ይሁን ወይስ ሌላ ነገር እጃቸውን ይዞት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያገላብጡት ኖረው አልለየላቸውም። ሚጡ በማግስቱ ከባላቸው ጋር ተጓዙ።

ተጣልተው ቀሩ የሚላቸው ሰው ይሳሳታል። ሚጡ ለአባታቸውም ለእናታቸውም ልቅሶ መጥተዋል፤ የእህታቸው ልጆች ሲዳሩም አልቀሩም። ሳሎን ይቀመጣሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ የሁሉንም ጤና አንድ በአንድ ይጠይቃሉ። የወጥ ቤቱን ደፍ ግን አያልፉም። «ግቢ እንጂ ወደ ውስጥ» ሲባሉ፣ «ልብሴ ይቆሽሻል» ይላሉ፤ ያን ሁሉ ዓመት በዱቄት ነጥተው ሲያድሩ የኖሩት ሴት። እትዬ ኬክ ሻይ ለማምጣት ተነሥተው ወጥ ቤት ሲገቡ፣ በሩን ከኋላቸው ገርበብ አድርገው ይተዉታል። ከፍተው አያውቁም፣ ዘግተውም አያውቁም።

ሥራው ቀጠለ። መጋገሩን ብቻቸውን ተማሩት፤ በመጀመሪያ የጋገሯቸው ኬኮች መሐላቸው እየሰመጠ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ይወጡ ነበር። «በዚህስ ሾርባ ይቀርብበታል» ብለው ባለቤታቸው ያጽናኗቸው ነበር። ሳሎናቸውን ለሁለት ከፍለው በመንገዱ በኩል መስታወት አስገብተው ሱቅ አደረጉት፤ ፈቃድ አወጡ፤ ሴት ልጃቸውም አድጋ አብራቸው ሠራች። ከሠርጉ ወዲህ ግን ጀርባው ያልተጌጠ ኬክ ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅም። «እትዬ፣ ግድግዳ ነው የሚጠጋው፣ አይድከሙ» የሚሉ ደንበኞች ሞልተው ነበር። «ጠረጴዛ አይታመንም» ይሉና ኬኩን ያዞሩታል።

ኮፍያውንም እንደ ድሮው ለሁለት ይከፍሉት ነበር። አንዱን ልጆች ይሻሙበታል። ሌላው ትንሽ ሳህን ላይ ሆኖ፣ ጎድጓዳ ነገር ተደፍቶበት፣ ምድጃው አጠገብ ይውላል።

«ይሄ የማን ነው?» ትላለች ልጃቸው።

«የጋጋሪዋ።»

«ጋጋሪዋ አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

«እኔ ተለማማጅ ነኝ።»

ሲመሽ የጎረቤት ዶሮዎች ይበሉታል። የዚያ ግቢ ዶሮዎች ውፍረት በሰፈሩ የታወቀ ነበር።

ባለቤታቸውን በ2006 ዓ.ም. በሞት ተነጠቁ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ቀጥሎም የልብ ድካም ያዛቸው። ቀንዱን ለልጃቸው አስረክበው ከፍ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ማየት ብቻ ሆነ። ማየት ማለት ግን ዝም ማለት አልነበረም።

በዚህ ኅዳር ሰባ ዓመት ሲሞላቸው ልጆቻቸው ኬክ እንዘዝ አሉ። «የሌላ ቤት ኬክ በዚህ በር ከገባ እኔ በዚያ እወጣለሁ» አሉ። ልጃቸው ጋገረች። እሳቸው ቀንዱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እያረፉ፣ አንድ አበባ ሠርተው እየተኙ፣ ቀናት ፈጀባቸው። የጨረሱት ግማሹን ብቻ ነው። ወንድ ልጃቸው በስልክ ስለ ጠሯቸው ሚጡ በአውቶቡስ መጡ፤ እንደ ልማዳቸውም ሳሎን ተቀመጡ።

«ኬኩ የታል?» አሉ።

«ከጠረጴዛው አይነሣም፣ አላለቀም። ነይ እዪው» አሉ እትዬ ኬክ።

ሚጡ የወጥ ቤቱ ደፍ ላይ ቆሙ። ወደ በሩ የዞረው የኬኩ ፊት ለስላሳ ነጭ ነበር፤ አንዲት ቅጠል እንኳ የለበትም።

«እታለም! ይሄ ምን ጉድ ነው? ፊቱ ባዶ ነው እኮ!»

«ዙሪው።»

ለመዞር መግባት ያስፈልጋል። ገቡ። ጠረጴዛውን በጎን ታከው፣ ጭረቱን በጣታቸው እየዳሰሱ ዞሩ። ጀርባው ላይ የራሳቸው የሙሽራ ቀሚስ አንገት ነበር፤ መስመሩ እዚህም እዚያም ቢንቀጠቀጥም፣ አበባ በአበባ፣ ቅጠል በቅጠል። ጎንበስ ብለው አበቦቹን አንድ በአንድ አዩ።

«ፊቱስ?» አሉ በመጨረሻ።

«እጄ እንቢ አለ። ፊቱ ያንቺ ነው።»

«እኔ እኮ የምሠራው ጎመን ነው።»

«ጎመኑን ሥሪው።»

ሚጡ ኮታቸውን አውልቀው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። እትዬ ኬክ ከበርጩማቸው ጎንበስ ብለው፣ ምድጃው አጠገብ የተደፋውን ጎድጓዳ ሳህን አነሡና ኮፍያውን ሰጧቸው። ሚጡ ቆመው በሉት።

«ስኳር በዝቶበታል።»

«ቀስ በይ፣ የጋገረችው ትሰማሻለች።»

እትዬ ኬክ በዚያው ቀን፣ ኅዳር 12 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ከሰዓት በኋላ በመኝታቸው ላይ ሳሉ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ከኋላቸው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ፣ የልጅ ልጆች፣ የሚወዷቸው ታናሽ እህታቸው፣ እንዲሁም በእጃቸው ተድሮ፣ ተመርቆ፣ ልደቱን አክብሮ ያደገ ሰፈር ትተዋል። ለሰው ደስታ ሲቆሙ የኖሩ እግሮቻቸው ይረፉ፤ ፈጣሪ ነፍሳቸውን በብርሃን ስፍራ ይቀበልልን፤ ለቀረነውም ናፍቆታቸውን የምንችልበት ልብ ይስጠን።

ያን ቀን ጎመኖቹ ተሠርተው ሲያልቁ እንግዳው ሁሉ ወጥ ቤት ገብቶ ጠረጴዛውን ከበበ። ወንድ ልጃቸው ቢላውን ይዘው ከፊት እንጀምር አሉ። የልጅ ልጆቹ ጎመን ጎመኑን ለእኛ አሉ። ሴት ልጃቸው ፎቶ ሳይነሣ ማንም እንዳይነካው ብላ እጇን ዘረጋች። ሚጡ፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው ክሬም እንደ ሆነ፣ «ጀርባውን የሚቆርጥ ከእኔ ጋር ይነጋገራል!» አሉ። «የቱ ነው ጀርባው?» አለ አንዱ፣ ጫጫታውም እንደ ገና ተነሣ። እትዬ ኬክ ባዶውን የኮፍያ ሳህን ምድጃው አጠገብ አስቀመጡ። ግድግዳውን ይዘው ከበርጩማቸው ወረዱ፤ ሁሉም ፊቱን ወደ ጠረጴዛው አዙሮ ሳለ፣ ገርበብ ባለው በር ወጥተው ወደ ክፍላቸው ሄዱ።