ካሎሪ የማን ድርጅት እንደሆነ ለማስረዳት

ለተከበሩ የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ ለጓድ ታረቀኝ

ከትናንት ወዲያ ከጽሕፈት ቤትዎ ስወጣ ሳልሰናበትዎ ብሄድም፣ እርስዎ በሙሉ ጤንነት እንዲሰነብቱልን እመኛለሁ። «ሂስህን ጽፈህ ሕዝብ በሚያየው ሰሌዳ ላይ ለጥፍ» ባሉኝ መሠረት ይህን ለጥፌአለሁ።

አንደኛ፣ በዚህ በድርቅ ዓመት ሰውነታችን እንዳይላላ አስበው በየማለዳው ለአንድ ሰዓት በገበያው ሜዳ እንድንሮጥ ስላዘዙን አመሰግናለሁ። ባለፈው ማክሰኞ፣ ከብቶቹ አልቀውበት ከነልጆቹ ከዋጃ የመጣው ጎረቤቴ ሙሀመድሰይድ አራተኛውን ዙር ሳይጨርስ ወደቀ። ሳነሳው እንደ ልጅ ቀለለኝ። «እህል ከቀመስኩ ሦስት ቀኔ ነው፤ ለልጆቹ ትቼላቸው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እርስዎ ግን አወዳደቁን አሻጥር ነው ብለው ስላስመዘገቡ ንቃትዎን አደንቃለሁ።

ሁለተኛ፣ ጥፋቴን አምናለሁ። የፊዚክስ መምህር ነኝና በማግስቱ ለተማሪዎቼ ስሌቱን ሠራሁላቸው፤ ሃምሳ ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ሰዓት ሲሮጥ አራት መቶ ካሎሪ ያህል ያቃጥላል፤ በቀን የሚደርሰው መቶ ግራም ስንዴ የሚሰጠው ግን ሦስት መቶ አርባ ያህል ነው። ጉድለቱ ከየት ይሞላል ብዬ ብጠይቅ አንዲት ተማሪ «ከሥጋው» አለች። እኔም ሰሌዳውን ቶሎ አጠፋሁት። ወሬው ግን ቀድሞኝ እርስዎ ዘንድ ደርሷል።

ሦስተኛ፣ «ካሎሪ የማን ድርጅት ነው? አባላቱስ እነማን ናቸው?» ብለው ሲጠይቁኝ እዚያው ስላላስረዳሁዎ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ካሎሪ የሙቀት ኃይል መለኪያ ነው፤ አባልም መሪም የለውም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ከደጄ ፊት ለፊት ስላስቀመጡልኝ ቤቴ ከሌባ ተጠብቋል። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ብርድ ልብስና ጥቂት ቆሎ ቋጥራ በሩ ሥር አስቀምጣለች። መኪና ባለፈ ቁጥር ሁለታችንም ንግግራችንን እናቋርጣለን። ሰው ተቀምጦም ልቡ እንደሚሮጥ በመጽሐፍ አስተምር ነበር እንጂ በራሴ አላየሁትም ነበር፤ ስላስተማሩኝ ውለታዎን አልረሳም።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ትእዛዝዎን ፈጻሚ መምህር ካሳው ደሳለኝ
ቆቦ፣ ጥር 1977 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ዛሬ ማለዳ በሜዳው ላይ የሙሀመድሰይድ ስም ሦስት ጊዜ ተጠርቶ «ያለ ፈቃድ ቀሪ» ተብሎ ተጽፏል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ቀብረነዋል። ቀድሞ ፈቃድ ስላልጠየቀ በእሱ ምትክ ይቅርታ እጠይቃለሁ።